የውሃ አባቱ ስፌት

ካሣዬ ብሽሽቱ ላይ የወጣውን እበጥ አራት ዓመት ደብቆ ኖረ። መጀመሪያ ሎሚ ታህል ነበረች፤ ሲተኛ ትገባለች፣ ሲነሳ ትወጣለች። በሁለተኛው ዓመት ማሽላ ሲያጭድ ውሎ ሲገባ እንቁላል አከለች። ከዚያ በኋላ የሚስቱን አሮጌ መቀነት ወገቡና ጭኑ ላይ እየጠመጠመ፣ በላዩ ሱሪውን እያጠበቀ መሄድ ለመደ። ሚስቱ ከፈለች ነገሩን ያወቀችው በመቀነቱ ነው። አጥባ ያሰጣችው መቀነት ከገመዱ ላይ ጠፍቶ፣ ሳምንት ቆይቶ ላብ ላብ እየሸተተ አልጋው ሥር ተገኘ።

«ቡአ ነው?» አለችው።

«ዝም በይ» አላት።

ዝም አለች። መቀነቱን ግን አጥባ መልሳ አልጋው ሥር አስቀመጠችለት።

የሚደብቅበት ምክንያት ነበረው። ካሣዬ የውሃ አባት ነው። ሮቢት አጠገብ ከጎሊና ወንዝ የሚጠለፍ አንድ ቦይ አለ፤ አርባ ሦስት አባወራ ማሳውን የሚያጠጣው ከእሱ ነው። ቆላው ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያደርስም። ደህናው ዝናብ የሚዘንበው በስተምዕራብ፣ ደጋው ላይ ነው። ጎርፉ ግን ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ወንዙን ሞልቶ ይመጣል፤ ሳይጠልፉት ካመለጠ ወደ አፋር አሸዋ ወርዶ ይቀራል። ስለዚህ በየክረምቱ ቦዩ አፍ ላይ ድንጋይ፣ እሾህና አሸዋ ተከምሮ ጎርፉ ወደ ማሳ ይመለሳል። ማን መቼ እንደሚያጠጣ፣ ማን ስንት ሰው እንደሚልክ፣ ከሥራ የቀረ ምን እንደሚቀጣ የሚወስነው የውሃ አባት ነው። ለዚህ የሚያገኘው ነገር የለም። እንዲያውም በደንቡ የእሱ ማሳ የሚጠጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

ደንቡ ሌላም ነገር ነበረው። ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ ከአንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ ጥቁር ድንጋይ ይቀመጣል፤ ክብደቱ የደለበ ሙክት ያህላል። የዓመቱ የመጀመሪያ ጎርፍ መምጣቱ ሲሰማ ያንን ድንጋይ አንስቶ ቦዩ አፍ ላይ የሚያሳርፈው የውሃ አባት ራሱ ነው። እሱ ሳያሳርፍ ማንም አካፋ አያነሳም። ክረምቱ ሲወጣ ድንጋዩ ታጥቦ ወደ ቁርቁራው ይመለሳል። ተራው ገበሬ ቢታመም ቁስሉን ለሽማግሌዎች አሳይቶ ከሥራ ይቀራል። የውሃ አባት ግን ቁስል አሳይቶ መቅረት አይችልም። እሱ ድንጋዩን ካላነሳ፣ ያነሳው ሰው በቦታው የውሃ አባት ይሆናል።

ካሣዬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከአምስት ዓመት በፊት የውሃ አባት የነበረው አራጌ ነው። አራጌ ያኔ ስድሳ አልፎት ወገቡን ያመው ነበርና ድንጋዩን ልጁ እንዲያነሳለት ጠየቀ። «ደንቡ ልጅ አይልም» ብሎ ከሰው መካከል የተነሳው ካሣዬ ነበር። አራጌ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳ፤ እስከ ጉልበቱ አደረሰው፤ ከዚያ ድንጋዩ ወደቀ፣ እሱም ወደቀ። ካሣዬ አንስቶ አሳረፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ አራጌ ያለ ከዘራ አይሄድም። የካሣዬ እበጥ የወጣው ደግሞ በዓመቱ፣ ያንኑ ድንጋይ ባነሳ በሦስተኛው ቀን ነው።

በሚያዝያ አጋማሽ አንድ ቀን እበጡ አልገባ አለ። ጆንያ ማሽላ ወደ ጋሪ ሲያወጣ ነበር። በጀርባው ተኛ፣ እግሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ አስመለሰው፣ ላብ አጠመቀው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጉርምርም ብሎ ገባ። ከፈለች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

«ነገ ቆቦ እንሄዳለን» አለች።

«ነገማ የቦይ ስብሰባ—»

«ነገ ቆቦ እንሄዳለን አልኩህ። አለዚያ ስብሰባው ላይ መጥቼ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዱ።

ቆቦ ላይ ያገኙት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ፍሬዓለም ትባላለች። ከጎጃም ተመድባ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ካሣዬ ወደ ክፍሉ ሲገባ ያያት ልጁን ኤሌኒን የምታክል ወጣት ነበረች፤ በሩን ይዞ ቆመ።

«ወንድ ሐኪም የለም?»

«አለ አባቴ። ግን እሱ ጥርስ ነው የሚነቅለው» አለችው። «ይግቡ።»

ከፈለች ከኋላ ገፋችው።

ሐኪሟ እያስቆመችም እያስተኛችም አየችው፤ አስሳለችው። መቀነቱን ጠቅልላ ለከፈለች ሰጠቻት። ከዚያ ተቀምጣ አስረዳችው።

«የሆድዎ ግድግዳ እዚህ ጋ ሳስቶ ተቀዷል። በቀዳዳው አንጀት እየወጣ ይመለሳል። ትናንት አልመለስ ያለው ተቆልፎ ነው። አንድ ቀን ተቆልፎ ቢቀር አንጀቱ ይበሰብሳል፤ ያ ሰው ይገድላል። መሠራት አለበት።»

«በምን ይሠራል?»

«ጆንያ ሲቀደድብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ልጥፍ እጥፍበታለሁ።»

«በውጭ ነው በውስጥ?»

ካሣዬ አሰበ። «እንደ ጆንያው ነው። ባዶ ከሆነ ገልብጬ በውስጥ እጥፈዋለሁ። እህሉ ራሱ ይገፋዋል፣ ልጥፉ አይነሳም። ሙሉ ከሆነ ግን በውጭ ነው።»

ፍሬዓለም ፈገግ አለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ምሳሌ መፈለግ አላስፈለጋትም። «ይህም እንዲሁ ነው። በሁለቱም መንገድ ቀዳዳው ላይ የናይለን መረብ ይለጠፋል። አንደኛው ብሽሽትዎን በውጭ ከፍተን ነው። ከወገብ በታች ብቻ ይደነዝዛሉ፤ እኔው እዚህ እሠራዋለሁ። ሁለተኛው በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብተን በውስጥ በኩል ነው። ለእሱ ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው እዚህ የለም፣ ከመረጡት ደሴ እልክዎታለሁ።»

«የትኛው ይሻላል?» አለች ከፈለች።

«በደህና እጅ ከተሠራ ተመልሶ የመምጣቱ ነገር ተቀራራቢ ነው። በካሜራ የተሠራ ሰው ሕመሙ ያንሳል፣ ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የተከፈተው ቆየት ይላል፤ አንዳንዱን ጠባሳው አካባቢ ለረጅም ጊዜ ያመዋል፣ ይደነዝዘዋል። ግን የእርስዎ በአንድ በኩል ነው፣ ከዚህ በፊት ያልተነካ ነው። እኔ ብሆን መንገድ ሳልሄድ እዚሁ እሠራው ነበር። የፊታችን ሐሙስ ቦታ አለኝ።»

«ድንጋይ ለስንት ቀን አላነሳም?»

«ምን ያህል ድንጋይ?»

«ሙክት የሚያህል።»

«እዚህ ከተከፈቱ ስድስት ሳምንት። በካሜራው አራት።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንስ? አንስቶ ማስቀመጥ ብቻ?»

«አንድ ጊዜም ቢሆን።»

ካሣዬ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ እስከዚያች ሰዓት ያልተጠየቀችውን ነገር ጠየቃት።

«የማይታየው የትኛው ነው?»

«ጠባሳው?» ሐኪሟ ትንሽ ተገረመች። በጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣቷ ለካች። «የተከፈተው ይህን ያህላል። የካሜራው ሦስት ቀዳዳ ነው፤ በዓመቱ ራስዎም ፈልገው አያገኙትም።»

«ደሴ ጻፊልኝ» አለ።

ሲመለሱ ሮቢት ላይ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ከፈለች ያዘችው።

«ሐሙስ እሠራልሃለሁ እያለችህ! ማን ሊያይህ ነው?»

«ወንዝ ዳር ገላ የምንታጠበው አብረን ነው። አርባ ሁለት ሰው ያያል።»

«ቢያይስ?»

«አራጌ ሲወድቅ ያየሁት እኔ ነኝ» አለ።

ደሴ የተቀጠረው ለግንቦት ዐሥራ ሁለት ነበር። በግንቦት አምስት መንገዱ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ያህል ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና አልነበረም፤ ሲከፈት ደግሞ ወረፋው ተከማችቶ ጠበቀው። ደሴ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጁ ኤሌኒ ስትሮጥ ከርማ ሰኔ ዐሥራ ስምንትን አገኘችለት።

ይህ በእንዲህ እንዳለ አርአያ ተሠራ። አርአያ ሮቢት ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። አባቱ ከማይጨው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ በሚስቱ በኩል ከቦዩ የሚጠጣ ማሳ አለው። ሕመሙ የካሣዬው ዓይነት ሆኖ ሳለ አንድ ቀን እንኳ አልደበቀውም። ሰው ሰላም ሲለው «ከቡአዬ ጋር ደህና ነኝ» እያለ ይመልስ ነበር። በግንቦት አጋማሽ ቆቦ ሄዶ፣ በዚያችው በፍሬዓለም እጅ ተከፍቶ፣ በማግስቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ካሣዬ ሊጠይቀው ሲሄድ ቤቱ ሞልቷል። አርአያ አልጋው ላይ ተደግፎ፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጠባሳውን ያሳያል። ገና ስፌቱ ያለበት፣ ቀይ፣ ከሌባ ጣት የሚረዝም መስመር ነው።

«ዋእ! እንዴት መሰለህ የሠሩኝ!» አለው ካሣዬን ገና ሳይቀመጥ። «አልተኛሁም እኮ። መሐል ላይ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ማዶ ሁለት እግር ተጋድሟል፤ የማን እንደሆነ ጌታ ይወቅ። እሷ እየሰፋች ‹አቶ አርአያ፣ ሱቅዎ ዘይት ገብቷል ወይ?› ትለኛለች። ‹አንቺ መስፋቱን ጨርሺ እንጂ ጀሪካኑን እኔው ተሸክሜ አመጣልሻለሁ› አልኳት። ‹ስድስት ሳምንት ጀሪካን አይሸከሙም› አለችኝ። እነሆ ታዝዣለሁ።»

«ወላሂ ይህን ጠባሳ ባገኘሁት!» አለ ከግድግዳው ሥር የተቀመጠው ዒምራን፤ ከቦዩ ወጣቶች ተረበኛው እሱ ነው። «ክረምቱን ሙሉ ጥላ ይዤ ቁጭ እል ነበር።»

«ስጥ አርአያ፣ ለዒምራን ቁራጭ ቁረጥለት» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

ካሣዬም ሳቀ። ሲስቅ እጁን ብሽሽቱ ላይ ጫን አደረገ። ከራስጌ በኩል ከዘራውን አገጩ ሥር አድርጎ የተቀመጠው አራጌ ይህን አየ። ሲወጡ በሩ ላይ አጠገቡ ደረሰ።

«አንተንስ መቼ ነው የምንጠይቅህ?» አለው።

«ምን ሆኜ?»

«እንጃ። ስትቀመጥ እጅህ ይቀድምሃል።»

ካሣዬ መንገዱን ያዘ። አራጌም አልደገመውም።

ሰኔ ዐሥራ ሰባት ቀን ካሣዬ ልጄን ልጠይቅ ብሎ ደሴ ሄደ። በማግስቱ አስተኙት። ጭምብሉን አፉ ላይ ሲያደርጉለት እስከ አምስት ለመቁጠር አስቦ ነበር፤ ሦስት ላይ የቆመ ይመስለዋል። ሲነቃ ጉሮሮው ደርቋል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ከሁሉ በላይ ያመመው ግን ቀኝ ትከሻው ነው።

«ትከሻዬን ነው እንዴ የሠራችሁት?» አላት ነርሷን።

«ሆድዎን በአየር ነፍተን ነው የምንሠራው። የቀረው አየር ነው ትከሻ የሚያመው፤ ነገ ይለቅዎታል።»

ለቀቀው። በሁለተኛው ቀን ኤሌኒ ክንዱን ይዛው ዳገቱን ወጣ። በሦስተኛው ቀን ብቻውን ወጣ። እየተራመደ እጁን ብሽሽቱ ላይ ያደርጋል፤ ምንም የለም። አራት ዓመት አብራው የኖረች ነገር ሳትሰናበተው ሄዳለች። ሆዱ ላይ ሦስት ፕላስተር አለ፤ አንዱ ከእምብርቱ ሥር። ኤሌኒ ፕላስተሩን ስትለውጥ ጎንበስ ብሎ አየ።

«በቃ ይህ ነው?»

«ይህ ነው። ውስጡ ግን አልደረሰም አባዬ። አራት ሳምንት ተብሏል፣ ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ጎርፍ የሚመጣው ሐምሌ ሲጋመስ ነው» አለ ካሣዬ። «ያኔ አራት ሳምንቱ ይሞላኛል።»

በአምስተኛው ቀን ሮቢት ገባ። ልጅህ እንዴት ናት ሲሉት ደህና ናት አለ። በሰባተኛው ቀን ቦዩን ከታች እስከ ላይ በእግሩ ዞረ፤ ማን አፈሩን እንደጠረገ፣ ማን እንዳልጠረገ አየ። ሰውም ካሣዬ ደሴ ሄዶ ወፍሮ መጣ አለው።

በሰኔ ሃያ ስምንት፣ በዐሥረኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ስልክ መጣ። ጎርፍ የሚነገራቸው በስልክ ነው፤ ደጋው ላይ ያለው አማቹ ሰማዩን አይቶ ይደውላል። ካሣዬ በረንዳው ላይ ሆኖ አነሳው።

«ዘንቧል» አለ አማቹ። ከበስተኋላው የቆርቆሮ ጩኸት ይሰማል። «እንዲህ ያለ ሰኔ አይቼ አላውቅም። እዚህ ያለውን ድልድይ አልፏል። ሁለት ሰዓት ቢኖራችሁ ነው።»

ካሣዬ ስልኩን ኪሱ አደረገ። ከላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ምዕራቡ ብቻ ጠቁሯል። ከፈለች ከጓዳ ወጣች።

«ወረቀቱን ያዝ» አለችው። «የሐኪሙን። አሳያቸው።»

«የውሃ አባት ወረቀት አያሳይም።»

«እንግዲያውስ ዛሬ ታምሜያለሁ ብለህ ተኛ።»

«ብተኛ ይህ ጎርፍ ያልፋል። አርባ ሦስት ቤት ነው።» አካፋውን ከግድግዳው አነሳ፤ በሁለት እጁ ሳይሆን በአንዱ፣ በግራው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦዩ አፍ ላይ ሰባ የሚሆን ሰው ቆሟል። አካፋ፣ መጥረቢያ፣ በገመድ የሚጎተት እሾህ። አርአያ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ዳር ላይ ተቀምጧል። ስድስት ሳምንቱ ሞልቶት ጀሪካን መሸከም ጀምሯል፤ ቢሆንም ሽማግሌዎቹ ጠባሳውን አይተው ክረምቱን ምረውታል፣ እሱም አልተቃወመም። አራጌ ከቁርቁራው ግንድ ሥር፣ ከጥቁሩ ድንጋይ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል። በየዓመቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

«በል አያ ካሣዬ» አለ ትግሉ። ትግሉ ዐርባ ያልሞላው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ ማሳው ከካሣዬ ማሳ ጎን ነው። «ድምፁ እየተሰማ ነው።»

እውነትም ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ባሻገር፣ የከባድ መኪና ጎማ ጠጠር ላይ ሲሄድ የሚመስል ድምፅ ይመጣል።

ካሣዬ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ጎንበስ አለ። ሁለት እጁን ከሥሩ አስገባ፣ እግሩን ከፈተ። ገና ድንጋዩ ከመሬት ሳይለቅ ከውስጥ፣ ቀድሞ እበጧ በነበረችበት ቦታ፣ አንድ ነገር ተወጠረ። ሕመም አይደለም። የተሳበ ክር ነገር ነው።

«ተወው» አለ አንድ ድምፅ።

አራጌ ነው። ወደ እሱ አልዞረም፤ ወንዙን እያየ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ ነው የተናገረው።

«ያኔ እኔም የሚነሳልኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

ካሣዬ ለጥቂት ጊዜ እንዳጎነበሰ ቆየ። እጁን ከድንጋዩ ሥር አወጣ። ቀና ሲል ሰባው ሰው እያየው ነው።

«አላነሳም» አለ። «ተሠርቻለሁ። ደሴ። ዛሬ ዐሥር ቀኔ ነው።»

ቀድሞ አፉን የከፈተው ትግሉ ነው።

«ምንህን?»

«እንደ አርአያ ነው። ያው ሕመም ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ አርአያ ዞረ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ካሣዬ።

«የአርአያን አይተናል» አለ ዒምራን። «ወላሂ ተኝተን ሁሉ እናየዋለን። ያንተን አሳየና።»

ካሣዬ ሸሚዙን ገለጠ። ሦስት ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ የበቆሎ ፍሬ አያክልም፣ አንዱ ደግሞ ደርቆ ቅርፊቱ ወድቋል። ከፊት ያሉት ጎንበስ ብለው አዩ። ከኋላ ያሉት «የት አለ?» ይላሉ።

«ይህማ መዥገር የነከሰው ነው!» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ።

«ዋእ! አትሳቁ!» አለ አርአያ ጃንጥላውን እያነሳ። «በካሜራ ነው፤ በውስጥ ነው የሚሰፉት! ስፌቱ ውስጥ ነው ያለው!»

«አንተ ተቀመጥ አርአያ። ያንተ ይታያል» አለው ዒምራን።

ትግሉ አልሳቀም። «አያ ካሣዬ» አለ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፣ «ታመህ ነበርና ለምን አልነገርከንም? ሰኔ ሳይገባ ብትነግረን ተቀምጠን እንመክር ነበር። አሁን ውሃው ደርሷል። ደንቡን ያስተማርከን አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለ ካሣዬ።

ድምፁ ቀረበ። ከመታጠፊያው ላይ ቡናማ አረፋ ከነጭራሮው ብቅ አለ።

ካሣዬ ከድንጋዩ ፊት ገለል አለ። «አንሳው» አለው ትግሉን።

ትግሉ አካፋውን ለዒምራን ሰጠ፤ ጎንበስ አለ፤ ድንጋዩን አንስቶ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ዐሥራ አንድ እርምጃ ተራምዶ ቦዩ አፍ ላይ አሳረፈው። ሰባው ሰው በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። እሾህ ተጎተተ፣ አሸዋ ተዛቀ፣ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ የትግሉ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። «ወደ ግራ! በግራ በኩል ሙላ!»

ካሣዬ የሚሠራው ነገር አልነበረውም። ትንሽ ቆሞ ከቆየ በኋላ ወደ ቁርቁራው ተመለሰ። አራጌ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ የጥላውን ግማሽ ለቀቀለት። ተቀመጠ። ሁለቱ ጎርፉን እያዩ ቆዩ።

«ያምሃል?» አለው አራጌ።

«አያምም። ክፋቱ እሱ ነው።»

አራጌ ራሱን ነቀነቀ። ጎርፉ ከከመሩት ግድብ ጋር ተገናኘ፤ ትንሽ ገፋው፣ ወደ ላይ አበጠ፣ ከዚያ ተጠምዝዞ ወደ ቦዩ ገባ። ሰዎቹ ጮኹ።

«ያኔ ልጅህ ቢያነሳው ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር» አለ ካሣዬ።

አራጌ ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አዎ» አለ። «አይሆንም ነበር።»



በዚያ ክረምት ጎርፉ አምስት ጊዜ መጣ። የውሃ አባት ትግሉ ሆነ፤ ተራውን በማሳ አቀማመጥ ሲደለድል የካሣዬ ማሳ አራተኛ ላይ ወደቀ። መጨረሻ የሚጠጣው አሁን የትግሉ ማሳ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ትራፊ ሲጠጣ የኖረው የካሣዬ ማሳ በሐምሌ ሁለት ጊዜ ጠገበ፤ ማሽላው በመስከረም ከሰው ቁመት አለፈ። ከፈለች አጥሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ለባሏ ምንም አትለውም። ለጎረቤት ግን «ቡአው ሄዶ ማሽላው መጣ» ማለቷ አልቀረም። አርአያ በበኩሉ ሱቁን ሲዘጋ የጠባሳው ዙሪያ ይደነዝዘኛል፣ ብርድ ሲሆንም ይስበኛል ይላል። ቢሆንም ለሚጠይቀው ሁሉ አሁንም ያሳያል።

በጥቅምት መጨረሻ ካሣዬ ለምርመራ ቆቦ ሄደ። ዶክተር ፍሬዓለም አስቆማ አስሳለችው፣ አስተኝታ ነካካችው።

«ምንም የለም» አለች። «ጥሩ አድርገው ሠርተዋል። ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ሥራዎትስ? ያ ድንጋይ?»

ካሣዬ የሆነውን በአጭሩ ነገራት። ፍሬዓለም እየሰማች በመዝገቡ ላይ የሚያዝያን ቀን አየች፤ እስክሪብቶዋ እዚያው ቆመ።

«እዚህ ሐሙስ ያልኩዎት ሚያዝያ ሃያ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን ተከፍተው ቢሆን ኖሮ፣ ሰኔ ሃያ ስምንት—»

«ስልሳ ስምንት ቀን» አለ ካሣዬ። «ዐሥር ሳምንት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው። ቆጥሬዋለሁ።»

ሐኪሟ «ችግር የለም» ብላ ጻፈችና መዝገቡን ዘጋች።

«አሁን ማንሳት እችላለሁ?» አለ ተነስቶ ሸሚዙን እያስገባ።

«ይችላሉ።»

«ሙክት የሚያህል?»

«የፈለጉትን።»

ሮቢት ሳይደርስ፣ የጎሊና ድልድይ ላይ ከሚኒባሱ ወረደ። በወንዙ ዳር ወደ ላይ ሄደ። ጎሊና ጠጠሩ እየታየ፣ በመሐሉ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ቁርቁራው ሥር ሰው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ድንጋዩ ታጥቦ በቦታው ተቀምጧል።

ካሣዬ ኮቱን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ። ጎንበስ አለ፣ እጁን ከሥሩ አስገባ፣ አነሳው። ጉልበቱን አለፈ፣ ሆዱን አለፈ፣ ደረቱ ላይ ደረሰ። እንደ ድሮው ከባድ ነው። እንዳቀፈው ቆሞ ከውስጥ የሚወጠር ነገር እንዳለ ጠበቀ፤ አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው፤ የነበረበት ጎድጓዳ ላይ እንዲገጥም ትንሽ አሽከረከረው። እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ኮቱን ለብሶ ወደ ማሳው ወረደ።